አርባ አንድን ሳይጨምር

ሐምሌ፣ ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት። ሽንብጥ ጥግ ያለው ቢሯችን፤
ሰማዩ ላይ ደመና፣ ደመና ላይ ደግሞ መዝገባችን።
ከመስኮቱ ማዶ ጣና፣ ያልተወለወለ ሰሃን መስሎ፣
ክልል ደውሎልኛል፦ «ሪፖርቱ እስከ ዘጠኝ ይድረስ» ብሎ።

ሪፖርቱን እኔ አልነበርኩም የምሠራው፤ ይታይሽ ናት፣
ስድስት ዓመት በዚህች ወንበር የአሳ ኪሎ የቆጠረች ሴት።
ባሏን ተከትላ ፓዌ ገባች፤ ሄደች ባለፈው ወር፣
«ሁሉም ተቀምጧል» አለችኝ፤ የት እንደሆነ ግን ሳትናገር።
ስደውልላት ያቺው ሴትዮ፦ «የደወሉላቸው ደንበኛ…»፣
ዘጋሁባት ሳትጨርስ፤ ከእሷ ጋርማ የድሮ ወዳጅ ነን እኛ።

ቀረኝ ያ አዲሱ ረዳት፤ ደሞዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ፣
ሌሊት ሙሉ ቢያስጠብቁት ዓይኑን የማይከድን፣ የማይተኛ።
ጻፍኩለት፦ «ይታይሽ ያስቀመጠችው የአሳ ሪፖርት አለ፤
ፈልግና ቅንብሩን አምጣ፤ አንዳች ሳታጎድል፣ እንዳለ።»
ደመናው ውስጥ ገባ። ከሚቆራረጠው ኔትወርክ ጋር ታግሎ
ተመለሰ፤ አሳ አልያዘም፤ የመጣው መረቡን አንጠልጥሎ።

«አገኘሁት። ስሙ 'የይታይሽ ወርኃዊ'።
ይህ ቅንብሩ ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም።
ዓምዶች፦ ታንኳ፣ ቀን፣ የአሳ ዓይነት፣ ኪሎ።
ቅደም ተከተል፦ ከትንሹ ወደ ትልቁ።
ማጣሪያ፦ ሁሉም ታንኳ፤
አርባ አንድን ሳይጨምር።»

ቁጥርስ በየወሩ ይገባል፤ እዚህ የቀረው ዓይኗ ነው፣
ምን ቀድማ እንደምታይ፣ ምን እንደምታልፍ የሚያሳየው።
ከትንሹ? ሪፖርት እንኳ ሰው ነው፤ ባለጸጋ ይወዳል፣
ብዙ ኪሎ ያመጣውን ከፊት ወንበር ያስቀምጣል።
እሷ ግን ሁለት ቀረሶ ይዞ የገባውን አስቀድማ፣
አምባዛ በኩንታል የጫነውን ከታች ትታዋለች፤ ይስማማ አይስማማ።

«አርባ አንድ ለምን ቀረ?» ብለው፣ «ምክንያቱ አልተጻፈም» አለኝ።
ሐቀኛ ነው። ያላየውን አይቀባጥርም፤ ይሄ ይበልጥ ከነከነኝ።

ምሳዬን ትቼ ወረድኩ፤ ከወደቡ፣ ከዘንባባው በታች፣
እምቦጩ ዳሩን ይዞታል፤ አንዲት ሴት መረብ ትሰፋለች።
አጠገቧ የተደፋ ታንኳ፣ ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም፦ አርባ አንድ፤
ከሥሩ ድመት ወልዳለች፤ ከረሳ ቆይቷል የውኃውን መንገድ።

«የእንየው ነው፤ የባሌ» አለች፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣
«ወገቡን ተመትቶ ተኝቷል፤ መስከረም ነው ብለውናል የሚነሣ።
ሕጉን አንተ ታውቃለህ፤ ሦስት ወር ዜሮ የተመዘገበ
ከማኅበሩ ይሰረዛል፤ ድርሻውም ለሌላ ተመደበ።
ያቺ ልጅ መጣች አንድ ቀን፤ ታንኳውን አየችው ዞራ፣
'ያልተቆጠረ አይሰረዝም' አለች፤ ተመለሰች ወደ ሥራ።»

ይታይሽ! ስምሽ «ይታይ» ይላል፣ እጅሽ ግን ደበቀ፤
ዜሮ የገባበትን ቤት ከክልል ዓይን አራቀ።
ውሸት ነው? በመንገድ አሰላሁ፤ አንድ ኪሎ እንኳ አልጨመረች፣
ማጣሪያው ላይ አንድ መስመር፤ እሷንም ለማንም አልነገረች።

ስመለስ ስምንት ከሩብ። ረዳቱ እዚያው ይጠብቃል፣
«ማጣሪያውን ላንሳው? ወይስ እንዳለ ይሂድ?» ይላል።
ጣቴ ሰሌዳው ላይ ቆየ። ውጭ ዝናቡ ጀመረ፤
ደመናው፣ የላይኛው ማለቴ፣ የያዘውን አላስቀረ።

«እንዳለ ይሂድ» ጻፍኩለት፤ «ግን አንድ ነገር መዝግብልኝ፣
ከማጣሪያው ጎን፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው አቆይልኝ፦

'አርባ አንድ፦ ወገቡ እስኪድን። መስከረም ላይ ይጨመር።
የማያምን ካለ ከዘንባባው በታች ይውረድ፤
ሴትዮዋን ይጠይቅ፤ ድመቶቹን ግን አይንካ።
ተጠያቂ፦ ልየው።'»

ረዳቱ «ተቀምጧል» አለኝ።
ይታይሽም እንዲሁ ነበር ያለችኝ።