ኮከቧ ከማን ጎን ናት

ተንደር ቤይ፣ ከስንዴው ጎተራ ላይ፣
ሬይዮ ካንጋስና እኔ፣ በአንድ መስኮት አንድ ሐይቅ የምናይ፣
ዘጠኝ ዓመት ተጣላን በአንዲት ኮከብ ጉዳይ።

የሰማይ አይደለችም፤ ከስምንት ቁጥር ጋር በአንድ ቁልፍ ያደረች፣
ሲ ቋንቋ ውስጥ ስትገባ ጠቋሚ ነች፤
«ዕቃው እዚህ የለም፣ እዚያ ነው» እያለች
አድራሻ ታሳያለች።

እኔ ከዓይነቱ አስጠጋታለሁ፦ ኢንት* ስም።
እሱ ከስሙ ያጣብቃታል፦ ኢንት *ስም።
ኮምፓይለሩ ቢጠየቅ ክፍተት አይቆጥርም፣
ለእሱም ለእኔም አይፈርድም።

ማታ ወደ ግራ ስቤያት እሄዳለሁ፤ ጠዋት ሳያት ከቀኝ!
እሱ ካፖርቱን እየሰቀለ፣ ምንም እንዳልነካ፣ «ደህና አደርሽ» ሲለኝ።
ፋይላችን ሁለት ሰፊ የተጣሉበት እጀ ጠባብ መሰለ፣
አንዱ እጅጌ ከጣት አልፎ፣ አንዱ ክርን ላይ የተንጠለጠለ።

«ኮከባቸው አልገጠመም» ይባላል በአማርኛ፣ እንዲህ ላለ ሰው፤
ተረጎምኩለት። ሳቀና፣ «ኮከቧስ አንድ ናት፤
ያልገጠመ ክፍተቱ ነው» አለኝ ፊንላንዳዊው።

እኔም ልጅ ሆኜ ጽሕፈት ስማር፣
በቃልና በቃል መሀል ሁለት ነጥብ ሳኖር፣
«ከፊተኛው ናት ከኋለኛው?» ብዬ መምህር ጥጋቡን ብጠይቅ፣
«ከመሀል ናት» ብለውኝ ነበር።
በሲም ከመሀል የሚያኖሯት አሉ፤
ከእነሱ ጋር ብቻ ነው፣ ሬይዮና እኔ ተስማምተን፣ የማንነጋገር።

ታኅሣሥ ላይ፣ ሐይቁ ከዳር ሲረጋ፣ የዓመቱ ማብቂያ መርከብ ቆሞ፣
ሚዛኑ አበደ፤ ባዶውን ቋት ሰባት ሺህ ቶን አለው፤ ደግሞ
ሙሉውን ዜሮ አለ። ካፒቴኑ በሬዲዮ ያጉረመርማል፤ ሚኮላ ደክሞ
ከወንበሩ አንቀላፍቷል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስመሯን አገኘኋት። የራሴው ናት፦
ኢንት* ቋት፣ ልኬት።
ኮከቧን ከዓይነቱ ስላስጠጋኋት
ለሁለቱም የደረሰች መስሎኝ፤ ለካ የፊተኛው ብቻ ናት፤
ሁለተኛውን፣ እንደ ቤተኛ የቆጠርኩትን፣
በር ላይ የቀረ እንግዳ፣ ተራ ቁጥር ሆኖ አገኘሁት።
ኮምፓይለሩስ ነግሮን ነበር፤
በአራት መቶ ማስጠንቀቂያ መሀል ማን ሰምቶት።

ሬይዮ «ብዬሽ ነበር» አላለም። ይህን ባለማለቱ ነው ያፈርኩት።
እርሳሱን አንሥቶ ሁለቱን ስሞች በሁለት መስመር ለያይቶ፣
«ለአንድ መስመር አንድ ስም። ኮከቧን ደግሞ» አለ፣ ዓይኑን አሽቶ፣
«ግራም ይሁን ቀኝ፣ አንዴ ካኖርሻት በሁሉም ገጽ እዚያው ትሁን፤
አንባቢ አይደናገር፣ እንዲህ ሌሊት ነቅቶ።»
ሲነጋ መርከቡ ወጣ፣ ሆዱ በስንዴ ሞልቶ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣ። ፋይሉን ሁሉ በአንድ ደንብ የሚያሰልፍ ፕሮግራም ጫንኩኝ፤
ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ «ኮከብ፦ ግራ ወይስ ቀኝ?»
ዘጠኝ ዓመት የተሟገትኩላትን ግራ ጣቴ ላይ ይዤ፣ ቀኝ
አልኩ። ማንም አላየኝ።

ጣቴ ግን አልለመደም፤ ዛሬም ወደ ግራ ይጽፋታል፣
ፋይሉን ሳስቀምጥ የማላየው እጅ ከስሙ ጎን ያቆማታል፤
ዘወር እላለሁ። የካፖርቱ መስቀያ ባዶውን ቆሟል።