ልዋጭ ያልወሰደው

ክንፉ በሎቤድ መጣ፣ ለሦስት ተገዝግዞ፣
የሩቅ ኮረብታ የነፋስ ወዝ ይዞ።
ልጆች «አውሮፕላን!» እያሉ ሲዞሩ፣
የመልካ ጀብዱ ፍየሎች ጥላው ሥር ሰፈሩ።

ልዋጭ የሚለው ሰው ጆንያውን አኑሮ፣
አየው በጥፍሩ ነክቶ፣ በምስማር ጭሮ፤
«ብረት አይደል» አለ፣ «አሉሚኒየም አይደል፤
ለአንድ ሳፋ አይበቃ፣ ኧረ አቦ! ተዉኝ» ሲል
ጩኸቱን ቀጠለ በገንደ ቆሬ በኩል።

ውሃ አያበሰብሰው፣ መሬት አይበላው፣
ሙጫ ነው ያሰረው፣ ከሰል ነው ገላው።
ከጸጉር የቀጠነ፣ ከብረት የጠና
እልፍ ክር በእልፍ ክር ላይ ተኝቷልና፣
መፍታት ነው ሥራችን።

ስንሰነጥቀው ብናኙ ቆዳ ይገባል፤
እጅጌን በፕላስተር አስረንም ያሳክካል።
«በሙቅ አትታጠቡ፣ በቀዝቃዛ!» ይሉናል።
በሚያዝያ፣ በድሬ፣
ሮቶ ውስጥ የዋለ ውሃ መቼ ይበርዳል?

ሮብሌ ዋይስ የባቡሩ አቴሊዬ ሰው ነው።
ሠላሳ ዓመት የፉርጎ እግር በመዶሻ መትቶ፣
ስንጥቁን ከድምፁ ለይቶ፣
የብረት ሐኪም የነበረ፤
ባቡሩ ሲቀር ከሐዲዱ ጋር የቀረ።
የምድጃችንን በር በዚያው መዶሻ መታና
«አየር ያስገባል» አለ።
ሳቅን፤ አነደድንና
በማግስቱ ስንከፍት አንድ እፍኝ ክር የለም፤
አመዱም በቅጡ የለም።
ሮብሌ አልተናገረም።

ከደቻቱ አሸዋ፣ ከሸክላ ለውሶ፣
በሩን በጣቱ መረገው ዳር ዳሩን ዳስሶ።
በዚያ ሌሊት ሙጫው ጭስ ሆነ፤ ጭሱም በቱቦ ተመልሶ
የፈታውን እሳት መገበ።
ሲነጋ ከፈትን፦
ጥቁር፣ ልስልስ፣
ታጥቦ እንደተበጠረ ጸጉር ዝም ብሎ ተኝቷል።
አንድ ዘለላ ሳበ፣ በሁለት እጁ ወጠረ፣
«አጥሯል» አለ።
ቆየና፣ «ግን አልላላም።»
ከዚያ ወዲህ ስለሱ ሲያወራ አልሰማሁም።

ከታተፍነው። ከአሮጌ ጄሪካን ጋር አቅልጠን
ጎማ አወጣን፤ የጋሪ ጎማ፣ መዳፍ የሚያህል።
የመጀመሪያው ጥንድ ቀፊራ ገባ፣
ማንጎ ለምትገፋው ለሙሂባ።
ነፋስ ያዞረው የነበረ
አሁን በማንጎ ክብደት ይዞራል፤
መዞሩን ለምዶት ይሆናል።

ሳምንት ቆይቼ ሄድኩ። «እንዴት ነው?» አልኳት።
ጎንበስ ብላ አየችው፣ በጫማዋ ጫፍ ነካችው፤
አንድ ማንጎ አሻሽታ ሰጠችኝ።
«ደህና ነው፤ እንደ ድሮው አይጮህም።
ግን እንዲያው… ቀይ የላችሁም?»