ምዕራፍ አሥራ ሰባት

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ጭጋግ ከባሕሩ ሲወጣ ወደ መንገድ፣
መጽሐፍ የጫነች መኪናዬን ይዤ ወደ ማቡ ስወርድ፣
ሞርዲና ማክአስኪል በሯን ገርበብ አርጋ ትጠብቀኛለች።
«ዘገየህ» ትላለች።
ዘግይቼ አላውቅም፤ እሷ ግን ትላለች።

«ምን አመጣህልኝ? ባላባት አለበት?»
አለበት፣ አለበት፤
ሽፋኑ ላይ ቆሟል ደረቱን ገልጦ፣
ባለመስመር ሽርጥ ወገቡ ላይ አሸርጦ፣
ቀይ ጠጉሩ በነፋስ፣ ጎራዴው በግራ፣
ከኋላው ግንብ አለ፣ ከግንቡ ተራራ።
በስኮትላንድ ውርጭ እንዲህ ተራቁቶ ሳንባው እንዴት ተረፈ?
እሷማ አታየውም፤ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ሦስት ክረምት አለፈ።
ስለዚህ ከምድጃው ጥግ አንድ ምዕራፍ አነብላታለሁ፣
ባላባቱ ሲያፈቅር ድምፄን አጎረንናለሁ፤
ለአለቃዬ፣ ጎማ ተነፈሰ እላለሁ።

ታርመኛለች ደግሞ፣ ጣቷን ቀስራ፦
«ሮዋን በሚያዝያ? የት አገር ነው በሚያዝያ የሚያፈራ!
ይቺ ደራሲ ዛፍ አታውቅም።
ከሐይቅ የወጣ ፈረስም ለሰርግ አይጋለብም፤
እጅህ ከጀርባው ይጣበቅና ይዞህ ይሰምጣል፣
ጠዋት ጉበትህ ብቻ ተንሳፎ ይገኛል።»
ስኮትላንድን አላየች፤ እናቷም አላየች፤
በቅድመ አያቶች መርከብ ከድንች ዘር ጋር የመጣ ወሬ ነው የያዘች።
እናቷ ከበሩ ጉበን የሮዋን ቅርንጫፍ በቀይ ክር ሰቅላ፣
ልጅቱ ግን ተማረች፤ አስተማሪ ሆነች፣ ክሩን በጥሳ ጥላ።
ጥላ ፈርቶ ለመጣ ልጅ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር እየሳለች፣
«ብርሃን እንዲህ ይሄዳል፤ የቀረው ሟርት ነው» ስትል ሠላሳ ዓመት ኖረች።

ያለፈው ሐሙስ ነው። ምዕራፍ አሥራ ሰባት።
የመንደሩ ባለራእይ፣ አንድ ዓይና አሮጊት፣ አየች አንድ መብራት
ያለ ሰው፣ ያለ ጀልባ፣ በሐይቁ ላይ ሲሄድ፤
ሰዉ አማተበ። ለካስ የሙሽራው ችቦ ነው፣ ሊያበራ የሰርጉን መንገድ።
ባላባቱ ሳማት፤ ድምፄን አጎረነንኩ።
«ዝጋው» አለችኝ። ዘጋሁት። ዝም አልኩ።

«በዚያች መስኮት በኩል፣» አለች፣ «ሳህን ሳጥብ። በግንቦት።
ከወደቡ ተነስቶ ወደ ባሕሩ አፍ ሄደ፣ አንድ መብራት።
ነፋስ የለ፣ ጀልባ የለ። እናቴ ብትኖር ስሙን ትጠራው ነበር።
እኔ እጄን አደረቅኩ። ላክላን ሊነጋ ሲል ጫማውን ሲያስር
ቴርሞሱን ሰጠሁት።
ምን ብዬ ልናገር?
ጠዋት ክፍል ነበረኝ፤ ትምህርቱም ስለ ብርሃን ነበር።

ሰው ይስቅብኛል፣ አርባ ዓመት ሙሉ በሽርጥና በመሳም ኖረች ብሎ።
ይበል። እኔ የምፈልገው አንድ መጽሐፍ ነው፤
ያየችውን የነገረችው፣ እሱም ስቆባት፣ ተቆጥቷት፣ ብቻ ከቤት ውሎ
ያረጀ።»

በመኪናዬ መቶ አሥራ ሁለት አሉ። እንዲህ ያለ ይኖር እንደሁ አላውቅም።
«እፈልጋለሁ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ስመለስ በወደቡ በኩል፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ብርሃን።
የጀልባ ነው። የጀልባ ይሆን?
ወይስ የራሴ መኪና፣ መስታወቱ ይሆን?
ግራ ዓይኔ ሲርገበገብ «እንቅልፍ ማጣት ነው» የምል፣
ባለ ዲፕሎማ ሰው፣ እግሬ ፍሬኑ ላይ ዝግን ሲል።

ከጀልባ ማሰሪያው ዳር አንድ ጎረምሳ የሎብስተር ወጥመድ ይደረድራል።
ስሙን አላውቅም። ሌሊት ይወጣል።
መስኮቴን ዝቅ አደረግኩ።
«ነገ ነፋስ አለ ይላሉ» አልኩ።
«ማነው የሚለው?» አለኝ፣ የጠራውን ሰማይ አይቶ።
ሳቀብኝ። ሳቅኩ አብሬው፣ ጆሮዬ ግሎ፣ ፊቴ ቀልቶ።
ግን ነገርኩት።