ስም የሌለው ደብተር

ገንደ ቆሬ ነው ሱቃችን፣ ከደቻቱ አሸዋ ፊት፣
ቆርቆሮው ቀትር ላይ ሲንጣጣ የሚሰማ እስከ ጫፍ ቤት።
ከሚዛኑ ጀርባ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣
አንድ ደብተር ነበረ፣ ከሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ።

አባቴ አብራር ስም አይጽፍም። ስም በዱቤ ይረክሳል።
«ሰው ‹ጻፍልኝ› ሲል» ይላል፣ «ግማሽ ፊቱን ይመልሳል፤
ያንን ግማሽ እኔ ነኝ የምጠብቅለት።»
ስለዚህ ስሙን ትቶ በሩን ነበር የሚጽፍለት፦

ሰማያዊ በር፦ ፓስታ ሁለት፣ ዘይት ሩብ ሊትር።
መጋረጃ ብቻ፦ የልጅ ወተት። እስከ ሐሙስ።
ውሻ ያለበት፦ ሻይ ቅጠል። ስኳር ቀርቷል።

ለሚያነብ ሰው ግን፣ ደብተር ጣራው የተነሳ ቤት ነው።
ምላጭ መግዛት ያቆመው በር፣ ወንዱ ጥሎ ሄዷል፤
ሻማ ብቻ የሚወስደው፣ ቆጣሪው ተቆርጦ ጨልሟል፤
ለረመዳን ቴምር ያልወሰደው፣
እሱን አባቴ ራሱ ቴምር ቋጥሮ ሄዶ ጠይቆታል።

አንድ ቀን መጣ፣ የድሬ ሙቀት ሸሚዙን ያልነካው ልጅ፣
ባጃጁን ደጅ አስቁሞ፣ ታብሌት ይዞ በእጅ።
«አባባ፣ ምንም አንወስድም፤ ገጹን ፎቶ እናነሳለን፤
ማን ምን፣ መቼ እንደሚያጣ ቀድመን እናውቃለን፤
ለሕዝቡ ነው። ብድሩን በስልኩ እንልካለን።»

አባቴ ንጹሑን ሚዛን እንደገና ጠረገው።
«ልጄ፣ እኔ ስኳር ነው የምሸጠው።
የሰው ምሬት አማና ነው፤ በየትኛው ኪሎ ልመዝነው?»

እኔ ግን ተከተልኩት፣ እስከ ባቡር ጣቢያው ጥግ።
የስልኬ መስታወት ተሰንጥቆ ነበር
(ይህን የምላችሁ ምክንያት ስፈልግ፣
ምክንያት ስፈልግ እንደሆነ አውቃለሁ)።

ሌሊት፣ አባቴ ሲያንኮራፋ፣ ገጽ በገጽ አነሳሁት።
«በር ብቻ ነው ያለው፤ ሰዎቹስ?» አለኝ። በሩን ሁሉ ፈታሁት፦
ሰማያዊው ሮዳ ጉሌድ ናት፣ ልብስ ሰፊዋ።
መጋረጃው ኢፍቱ፣ አራስ።
ውሻው የጋሽ ልሳነወርቅ ነው፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ።
ከነስልክ ቁጥራቸው።
ሰባ ሦስት ቤት። በአንድ ቤት መቶ ብር።
ንጋት ላይ ገንዘቡ ገባ። አባቴ ለሱብሂ ውኃ ሲቀዳ ይሰማኝ ነበር።

የወተቱ ቆርቆሮ ባዶውን በጮኸበት ማታ፣
የኢፍቱም ስልክ ጮኸ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ በአንድ አፍታ
ችግርዎን እንፍታ!»
«አላህ ነው የላከው» ብላ ተጫነችው።
በሦስተኛው ወር ወለዱ ከልጇ በለጠ፤ እሱን ነበር ያጠባችው።

የጋሽ ልሳነወርቅ ስልክ የስኳር በሽታ ተአምር መድኃኒት ላከለት፤
«ሐኪሙ ነው ያወራብኝ» ብሎ፣ በዱላ ሊቆጣው ሄደበት።
ሮዳን፣ «ብቻዎን ነዎት?» አላት አንድ የማታውቀው ቁጥር፤
ከሃያ ዓመት ጎረቤቷ ተቆራረጠች፣ ወሬው ከእሷ የወጣ መስሏት ነበር።

ማንም ደብተሩን አልጠረጠረም።
ሁሉም የጠረጠረው ሰው ነው።

ከዚያ ኢፍቱ መጣች፣ ሳንቲም ጨብጣ፣ «በእጅ በእጅ ነው» አለች፤
አባቴ እርሳሱን ሲያነሳ ዐይኗን ከእርሳሱ አሸሸች።
ቆይቶ ስልኬን አየ፣ መስታወቱ አዲስ፣ እንከን የሌለው።
አልጮኸም። አቦ፣ ቢጮኸ ኖሮ ምንኛ በቀለለው!

ፌስታሉን ፈታ። እርሳሱን በምላሱ አረጠበ።
ያልተጻፈበት ገጽ ላይ፣ ዝግ ብሎ፣ ፊደል በፊደል፣
በዚያ ደብተር ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ጻፈ፦
የኔን፣ እስከ አያት።
ከሥሩ፦ ሰባ ሦስት በር።

የዋጋው ቦታ ባዶ ነው።
ሱቅ ስከፍት፣ ጠዋት ጠዋት፣ አየዋለሁ።