ባዶው ጎን

አልፍሬድ መንደር ነው፤ ጣሪያው ሁሉ ሸክላ፥
በረዶ ሲጭነው በጣሪያው ላይ ሌላ
ነጭ ጣሪያ የሚያበቅል።
እኔ ከምድር ቤቱ፥ ከእቶኑ አጠገብ፥
ከጥፍር የሳሳ ሴራሚክ ስደረድር፥ ስቆጥር፥ ሳስብ፥
ስንቱን ሰባበርኩት!
ሙቀት ሲያልፍ የሚሰማ ጆሮ ነው የምሠራው፤
ካሎሪሜትር ውስጥ ተቀብሮ የሚያዳምጥ፥
የስንዴ ፍሬ ሊበቅል ላብ ላብ ሲለው እንኳ የማያመልጥ።

ሁለት ብረት ጫፍ ለጫፍ ተነካክቶ
አንዱ ጎን ሲሞቅ፥ ሌላው ቀዝቅዞ ሲቀር፥
ይንሾካሾካሉ፥ በማይክሮ ቮልት ነገር።
የሁለት ሰው ሹክሹክታ ግን ለማን ይደርሳል?
ስድስት መቶ ጥንድ አሰለፍን፥ እጅ ለእጅ አያያዝን።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፥ ይባላል፤
እኛ አንበሳ አልጠፋብንም፤
የትንኝ ትንፋሽ ነው ማሰር ያቃተን።

ወፍራሙ ሸክላ ይሰማል፥ ሰምቶ እስኪናገር ግን ይመሻል፤
ስሱ ቶሎ ይመልሳል፥ ሙቀቱ ግን ሹልክ ብሎበት ይሸሻል።
ሁለቱን ማስታረቅ ስድስት ወር ፈጀ።
ያስታረቀች ቨርና ናት፥
ሠላሳ ዓመት የጣሪያ ሸክላ የተኮሰች፥
«የበቆሎ ዱቄት ለውሱበት» አለች።
ለወስን። ተኮስን። ዱቄቱ ነደደ፥ ቦታው ቀረ፤
ሸክላው በእልፍ ጉድጓድ ተቦረቦረ፤
ሙቀትም ከባዶ ወደ ባዶ መዝለል ቸገረው፥
ሲያዘግም ያዝነው፥ ቆጠርነው።

ከዚያ መጣ ጣጣው።
መሣሪያው መንታ ጽዋ አለው፤ በግራው የሚለካው ይገባል፥
ቀኙ ባዶውን ይቀመጣል፥ ለምስክርነት።
ያን ሌሊት ሁለቱም ባዶ ነበሩ።
ባዶ ከባዶ ተቀንሶ መስመሩ ዜሮ ላይ ይተኛል ስል
ቁልቁል ወረደ።
ሃያ ማይክሮዋት፥ ከቀኙ በኩል፥ ከምንም።
በየሁለት ሰዓቱ ብቅ ይልና ደግሞ ይሰምጣል።

ብየዳውን ጠረጠርኩ። ኮምፒውተሩን ጠረጠርኩ።
በበሩ ስር የሚገባውን ነፋስ በካፖርቴ ወተፍኩ።
ኪርክ፥ አለቃችን፥ «በሂሳብ ቀንሱትና እለፉ» አለ።
ቀንሰን ልናልፍ ነበር።
ቨርና ካቻቢቴ አነሳች።
አራት ብሎን።
ከቀኙ ጽዋ በስተጀርባ፥ ከመከላከያው ጥጥ ውስጥ፥
የእኔን የኅዳር ማስታወሻ ቦጫጭቃ ያነጠፈች
አንዲት አይጥ፥ ከስድስት ልጆቿ ጋር፥
ፀጉር ያላወጡ፥ ዓይን ያልገለጡ።
መስመሩ የሚሰምጠው ስታቅፋቸው፥
ብቅ የሚለው እህል ፍለጋ ስትወጣ ኖሯል፤
እኛ «ስህተት» ስንለው ሰነበትን።

ቨርና ምንም አላለችም። የናሙና ሳጥን ገለበጠች፥
ከነጥጡ፥ ከነማስታወሻው አዛወረቻቸው፥ እቶኑ ዳር።
እኔ ብሎኑን መልሼ አሰርኩና ጠበቅሁ።
ሊነጋጋ ሲል መስመሩ ቀና፥
ዜሮ ላይ ተጋደመ፥ በውሃ ልክ እንደተለካ።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አለኝም።
ብቻ ዓይኔ ከቀኙ ጽዋ አልነሣ ብሎ ቆየ፤
መዝገቡ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦
«ጃንዋሪ ሃያ ስድስት። መስመር ቀጥ። ጎረቤት ለቋል።»