ስምንት ፊደል በሌሊት

ቧንቧ ውሃ፣ ከታክሲው ማዞሪያ በላይ፣
ስምንት አረንጓዴ ፊደል ይበራል ግንብ ላይ፤
ፒ፣ ኤች፣ ኤ፣ አር፣ ኤም፣ ደግሞ ኤ፣ ሲ፣ ዋይ።
እኔ ከሥራቸው ነኝ፤ ዱላ፣ ባትሪ፣ ካፖርት፣
አንድ እግሩ ያጠረ በርጩማ፣ ግማሹ የተጻፈበት ደብተር፣
ደሴ ሲበርድ ቀለሙ የሚረጋ እስክሪብቶ።

ጨዋታውን ያመጣችው ሶፍያ ናት፣ ልጄ፣ ከትምህርት ቤት፤
"አባ፣ ከነዚህ ብቻ ነው ቃል የምታወጣበት፤
ያልተሰጠህን አትጨምር፣ አንዱን ሁለቴ አትጥራ፤
ኤ ብቻ ሁለት ናትና እሷ ሁለቴ ትሥራ።"
እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤
ያቺኑ እንግሊዝኛ፣ ከሳጥን እንደ ወጣ ልብስ፣ አራገፍኳት።
መዝገበ ቃላቱም እስከ ኤስ ድረስ ነው፤
ከኤስ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው አይጥ ነው።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉ መጣ፤ ካር፣ ካፕ፣ ማፕ፤
መኪና፣ ቆብ፣ ካርታ። ከካርታው ቀጥሎ ካምፕ።
ከካምፕ በኋላ ቃል ቃልን ይጎትታል፤
ማርች አልኩ፤ የወታደር ጉዞ ነው፣ ወርም ይሆናል፤
አርሚ አልኩ፤ ጦር።
እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ወደ ጦሳ ቀና አልኩ።
በዚያ የወረደው፣ በዚህ የወጣው ማን እንደሆነ አልጽፍም፤
ስምንት ፊደል ለስም አይበቃም።

ሌላ ሌሊት ጉሙ ከአዝዋ ገደል እየተንፏቀቀ ወርዶ
የመጀመሪያውን ፊደል በላ፣ የመጨረሻ ሦስቱን ጋርዶ
መሀሉን ብቻ ተወልኝ፤ አራት ፊደል በተርታ።
ሃርም። በባትሪ ፈለግኩት፣ በኤች ቦታ።
"ጉዳት" ይላል።
መድኃኒት ቤቱ ሆድ ውስጥ፣ ሳይዛነፍ፣ ሳይፈታ፣
ጉዳት ተቀምጦ ኖሯል!
ጠዋት ለሲስተር ሙሊት ነገርኳት።
ቁልፏን እያዞረች ሳቀች፤
"ሲበዛማ መርዝ ነው፣ አብሽር።
ለዚህ አይደል ማንኪያ የምንሰጠው?" አለች።

ከዚያ ወዲያ ሳምንት ሙሉ ፈውስ ፈለግኩ።
ኪውር ብዬ ጀመርኩ፤ ዩ የለም። ሂል ብዬ ሞከርኩ፤ ኤል የለም።
ሜዲስን፤ ከኤምና ከሲ በቀር ሁሉም የለም።
ያገኘሁት ፔይ ነው፤ ክፈል።
ክራይ ነው፤ አልቅስ።
ፕሬይ ነው፤ ዱዓ አድርግ።
ቅደም ተከተሉን እኔ አላወጣሁትም፤
ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተመላለሰ ሰው አይስተውም።

የመጨረሻዋን ፊደል ግን ፈረንጅ በምን ልቡ ሰየማት?
ዋይ! እኛ ዘንድ ይህ የሚሰማው ድንኳን ሲተከል ነው፤
ልጆቹ ግን በዜማ ጠርተዋት ወደ ዜድ ያልፋሉ።

ሶፍያ ከሁሉ ትንሹን አየች።
"ማ። ፓ። እማና አባ" አለች፤
"ኤ ሁለት የሆነችው ለዚህ ነው፣ እንዳትጣሉ።"

ባለፈው ክረምት አንዷ ኤ፣ ከሲ ጎን ያለችው፣ ጠፋች።
ኤሌክትሪሻኑ ነገ ይመጣል ይባላል፤
ነገ ግን ነገ እንዳለ ነው።
ልጄ ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን አላነሳችም፤
እኔም፣ በቀረችው ኤ ማንኛችንን ልጻፍ ብዬ አልጠየቅኳትም።
እናቷን ከቀበርን ገና ዓመት አልሞላንም።

ትናንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በኩታበር መንገድ
አንድ ሰው መጣ፤ ሕፃን በጀርባው አዝሏል፣
ወረቀት በጥርሱ ነክሷል።
ቀና ብሎ አረንጓዴውን አየ፣ እኔን አየ፣
ወረቀቱን ከጥርሱ አወጣ፤
"ወንድም፣ ምን ይላል ይሄ?"

አርባ አንድ ቃል አለኝ በደብተሬ።
ጦሩ አለ፣ ልቅሶው አለ፣ ጉዳቱ አለ፣ ክፍያው አለ።

"መድኃኒት ቤት ነው" አልኩት።

በርጩማውን በእግሬ ገፍቼ ተነሳሁና
ሙሊት እስክትነቃ ድረስ
በሩን ደበደብኩ።