ሰባተኛው ዓመት

አምስተኛው ዓመት ላይ መብራት ሄደብን፤
ስክሪኑ ላይ የነበረው ወንዝ፣ ማሳው፣ ባንክ ያለው ብራችን
ድርግም አለ፤ ባንድ ላይ ጨለመብን።
ጅማ ነው፤ ክረምት ነው፤ ማንንም አልደነቀው።
መምህር ረሻድ መስኮቱን ከፍቶ ሰማዩን ጠየቀው፤
ሰማዩ አልመለሰም።

ከቦርሳው አወጣ አንድ ላስቲክ ቆሎ፣
«ይኸው ብር» አለን፣ «አንዷ ፍሬ ሺህ ናት» ብሎ።
ሰማያዊ የሃይላንድ ክዳን፣ ውሃችን፤
የክብሪት እንጨት ደግሞ ዋንዛችን፣ ብሳናችን።
አራት ጠረጴዛ፣ አራት የቡና ማጠቢያ፤
በየዙሩ መጨረሻ ሒሳብ መዝጊያ፣ ብድር መክፈያ።

እኔ ነኝ የአንደኛው ጠረጴዛ ሥራ አስኪያጅ፤
ሒሳብ ያዡ ሙዘሚል ነው፣ የሊሙ ልጅ፤
ካፒታል ሲቆረጥም በዓይኔ በብረቱ አየሁት፣
«የአላቂ ዕቃ ወጪ» ብዬ መዘገብሁት።

ከዚያማ ገሰገስን! የጥላውን ዛፍ ሸጥን፤
ክብሪቱን በደርዘን ቆጥረን ለጣውላ ነጋዴ ሰጠን።
የማጣሪያ ጉድጓድ? ስልሳ ፍሬ ቆሎ!
ማን ይከፍላል እሱን፤ ገለፈቱ ይሂድ ወንዙን ተከትሎ።
በስድስተኛው ዓመት ቆሏችን ተቆለለ፤
ሙዘሚል መቆርጠም ተወ፤ ሀብት አጠገበው፣ ኮራ አለ።

አራተኛው ጠረጴዛ፣ በሩ አጠገብ፣ ጸጥ ብሏል፤
በየዓመቱ አንድ ክዳን ከፊቱ ይጎድላል።
መሪዋ ኢፍቱ ናት። ዛፏን አልቆረጠች፤
ለቃሚ አልቀነሰች፤ ጉድጓዱን ተበድራ ቆፈረች፤
እንግዲህ ምን አጠፋች?
እኛ ግን ሳቅንባት።
«ንግድ እኮ ደግነት አይደለም» ሲል ሙዘሚል መከራት።

ሰባተኛው ዓመት። መምህሩ ከኪሱ ጠመኔ አወጣና
ወለሉ ላይ መስመር አሠመረ፣ ከኛ እግር ሥር ተነሣና
በሁለተኛው ወርዶ፣ በሦስተኛው ታጥፎ፣
እስከ በሩ ድረስ፣ እስከ ኢፍቱ ጫማ፣ አልፎ።
«ይኼ» አለ፣ «ወንዙ ነው።» ሌላ ቃል አልጨመረ፤
ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበረ።

ለካ ጠረጴዛው እንዲሁ አልተቀመጠ፤
ለካ አንድ ውሃ ነው እኛን ያጠጣ፣ እሷን የቀረጠ።
ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል፤
ማንን አሳስቆ ማንን እንደሚወስድ ግን ማን ይጠይቃል?

ኢፍቱ ቀና አለች። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም።
«እናቴ ታች ናት» አለች፣ «ጌራ መንገድ፣ ከማጠቢያው ሥር፤
ጥቅምት ሲገባ ውሃው ይጠቁራል፤ ላማችን አትጠጣውም፤
ጀሪካን ይዘን ሁለት ሰዓት እንሄዳለን፣ እስከ ጥር።
ይኼን ጨዋታ የጀመርኩት ዛሬ አይደለም፤
አሥራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው።»

መብራቱ መጣ። ስክሪኑ ጩኸት አሰምቶ በራ፤
«አንደኛ፦ ጠረጴዛ አንድ» የሚል ጽሑፍ፣ በአረንጓዴ ተራ በተራ
ብልጭ ድርግም ይላል።
ማንም አላጨበጨበም።

«ከመጀመሪያው እንጀምር» አልን። «ዓመት» አለ፣ «አይመለስም፤
ስምንተኛው ይኸውላችሁ።»
ስልሳ ፍሬ ቆጠርን ለጉድጓዱ፤ ሃምሳ ሰባት ሆነ።
ሙዘሚል ኪሱን ገለበጠ፤ ሦስት ፍሬ። ያውም በክር ተሸፍኖ፣ በአቧራ ተከድኖ።
ከፈልን። ጉድጓዱ ተቆፈረ።
የኢፍቱ ክዳን ግን አልተመለሰም፤ ወንዝ እስኪጠራ
ስንት ዙር እንደሚፈጅ ደንቡ ላይ የለም።

ማታ የአዌቱ ድልድይ ላይ ስደርስ፣ እጄን ኪሴ ከተትኩ፤
አንድ ሰማያዊ ክዳን። ሳላውቅ ይዤው ወጥቼ ኖሯል። ቆምኩ፤
ልወረውረው ክንዴን አነሣሁና ወደ ታች አየሁ፤
ውሃው ዳር አንድ ልጅ ባጃጅ ያጥባል፤ እያፏጨ፣ ሰማሁ።
አረፋው ነጭ ነው፤ ይሄዳል፤ ኩርባው ላይ ይሰወራል።
እሱም ታች አለው።